ችቦው ሲለኮስ ከልጁ አጠገብ ማን ቆሟል?

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ገና በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማለዳ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ወጣት እናት ናት። ትንሿን ልጇን አዝላለች፤ ስድስት ዓመት የሞላውን ወንድ ልጇን ደግሞ በእጇ ይዛለች። የልጁ ዓይን እንባ አቅርሯል።

"ሲስተር፣ እባክዎን እሳት ምን እንደሚያደርግ ይንገሩልኝ። እኔን አልሰማ ብሎኛል" አለችኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢቆጠሩም በጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ መጠሪያዬ ያው "ሲስተር" ነው። ልጅ ያተኮሰው፣ ደም ግፊቱን መለካት የፈለገ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት አወሳሰድ የረሳ ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳል። የዚያን ቀን ጉዳይ ግን የሕመም አልነበረም። ልጁ የቡሄ ዕለት ከግቢው ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ልጨፍር፣ ችቦም ልያዝ ብሏል። አባቱ ፈቅዶለታል። እናቱ ደግሞ አይሆንም ብላለች። በልጅነቷ የጎረቤት ልጅ ልብሱ በችቦ ተያይዞ ሲሮጥ በዓይኗ አይታለች። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም።

"ግቡ፣ ቡና ላፍላ" አልኳቸው። ምክንያቱም የምነግራት ነገር በር ላይ ቆሞ የሚነገር አልነበረም። ልጇን አስፈራርቼ እንድመልስላት ነበር የመጣችው። እኔ ግን አንድ ጊዜ ልጅ አስፈራርቼ ምን እንዳተረፍኩ አውቃለሁ።

የከለከልኩት እኔ፣ የተቃጠለው እሱ

ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ በአንድ ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል በነርስነት እሠራለሁ። ቡሄና ደመራ ሲደርሱ የቃጠሎ ጉዳት እንደሚበዛ ከሥራዬ ስለማውቅ የዘጠኝ ዓመት ልጄን "ችቦ አጠገብ እንዳላይህ፤ ካየሁህ ከእኔ ጋር አንተዋወቅም" ብዬ በቁጣ አስጠነቀቅኩት። የቡሄ ዋዜማ ማታ ተረኛ ስለነበርኩ ከቤት እንዳይወጣ ለእህቴ አደራ ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

እህቴ ወጥ ስታማስል እሱ በጓሮ በር ሹልክ አለ። በአደባባይ ከሚጨፍሩት ጋር ቢቀላቀል ሰው አይቶ ይነግርብኛል ብሎ ስለፈራ፣ እንደ እሱ ከተከለከሉ ሦስት ልጆች ጋር ከአጥር ጀርባ ተደበቀ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ችቧቸው ረጥቦ አልያያዝ ሲላቸው አንደኛው ከቤቱ ነጭ ጋዝ አምጥቶ አፈሰሰበት። እሳቱ ቦግ ብሎ የልጄን የቀኝ እጅ እስከ ክርኑ ድረስ ላሰው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከቃጠሎው ይልቅ ዛሬም የሚያመኝ ነው። ልጄ ወደ ቤት አልሮጠም፤ ጎረቤትም አልጠራም። እኔን ስለፈራ እጁን በሹራቡ ጠቅልሎ አንድ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። እህቴ ፈልጋ ስታገኘው ሹራቡ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ጎረቤቶች እንዳቅማቸው ሊረዱት ብለው የጥርስ ሳሙናና እንቁላል ቀቡት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ በተረኝነት በተቀመጥኩበት ክፍል በር ታቅፈውት ሲገቡ፣ የታማሚው እናት እኔ ሆንኩ።

የቃጠሎ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ነገር ይወሰናል። ሙቀቱ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ወደ ውስጠኛው ቆዳ መዝለቁን አያቆምም። ቶሎ የፈሰሰ ውኃ ያን ሙቀት ያወጣዋል። ልጄ ያንን ጊዜ ያጣው ውኃ ጠፍቶ አልነበረም፤ እናቱን ፈርቶ ነው። ዛሬ የራሱ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ጠባሳው ግን አሁንም ክንዱ ላይ አለ።

ይህን ስጨርስ ወጣቷ እናት ስኒዋን እንደያዘች ዝም አለች። ትንሽ ቆይታም "ታዲያ ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ? ዝም ብዬ ልልቀቀው?" አለችኝ።

"አይደለም ልጄ። አብረሽው ውረጂ" አልኳት።

የበዓሉ ወግ

እዚህ ላይ በከተማ ለሚያድጉ የልጅ ልጆቻችን ልናወርሰው የሚገባውን ወግ ባጭሩ ላስታውስ። ቡሄ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል የሕዝብ መጠሪያው ነው። ክርስቶስ በታቦር ተራራ ላይ ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን መታሰቢያ ነው። አባቶች ሲተርኩ፣ በዚያ ብርሃን የተነሣ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይላሉ። ችቦውና ሙልሙሉ የዚያ ምሳሌ ናቸው። የጅራፉ ጩኸት ደግሞ በተራራው ላይ የተሰማውን ድምፅ ያስታውሳል ይባላል።

ልብ ብላችሁ ከሆነ በዚህ ትረካ ውስጥ ችቦውን ይዘው የወጡት ወላጆች ናቸው። ልጆቹ ዳቦ ተቀባዮች ነበሩ። እኛ ግን ከጊዜ በኋላ ችቦውን ለልጆች ሰጥተን እኛ ቤት ቀረን።

ቡሄ ነሐሴ 1 ተጀምሮ ነሐሴ 16 በሚፈታው የፍልሰታ ጾም መካከል ስለሚውል ቅቤና ሥጋ የለበትም። ደስታው ያለው በዳቦው፣ በጭፈራውና በጎረቤቱ ነው። አባቶች ቡሄ ከመጣ ክረምቱ መውጫው ደርሷል ይላሉ። እውነትም ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ ያለው ጊዜ ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎ፣ ልጆች በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት ለከረሙበት ወር ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

የግቢው ዝግጅት

ወጣቶቹ ባልና ሚስት ያን ዕለት ማታ ተነጋገሩ። ባልየው በአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ያደገው ጉለሌ ነው። እሱ በልጅነቱ የሆያ ሆዬ አውራጅ ነበር። "እኔ ያገኘሁትን ልጄ ለምን ያጣል?" የሚለው ክርክሩ ትክክል ነው። ሚስቱም "እኔ ያየሁትን ልጄ ለምን ያያል?" ስትል ትክክል ናት። የሁለቱን እውነት የሚያስታርቀው ዝግጅት ብቻ ነበር።

በማግሥቱ አባትየው የግቢውን ኮሚቴ ሰብሳቢና ሌሎች አራት ወላጆችን ይዞ መጣ። እኔ ቤት ተቀምጠን እንዲህ ተስማማን። ችቦው የሚበራው ከመኪና ማቆሚያው፣ ከኤሌክትሪክ ገመዱና ከጥበቃው የቆርቆሮ ቤት ራቅ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ለአምስት ልጅ ቢያንስ አንድ አዋቂ ይመደባል። የተመደበው ሰው ያን ማታ መጠጥ አይቀምስም፤ ስልኩንም ኪሱ ውስጥ ያደርጋል። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ችቦ የሚይዘው ከወላጁ ጋር በአንድ ላይ ነው። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ወደ ሜዳው አይቀርብም።

ውኃ በፈረቃ የሚደርሰን ሰዎች ስለሆንን ቧንቧን አላመንም። አራት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሙሉ ውኃ፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ ጆግና አንድ ባልዲ አሸዋ ከሜዳው ዳር እንዲቀመጥ ተወሰነ። ሁለቱን ጄሪካን የሞሉት በምድር ቤት የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። "ልጆቹ የሁላችንም ናቸው፤ ዳቦም እጨምራለሁ" አሉ፤ ጨመሩም።

የሙልሙሉን ሥራ የልጁ አያት ያዙት። እማማ ለክረምቱ ከጉለሌ ልጃቸው ዘንድ መጥተው ነበር። የስንዴ ዱቄቱን ከዋዜማው በፊት በነበረው ሌሊት አቡክተው፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርገው፣ ኩፍ ሲል ሞላላ አድርገው እያድቦለቦሉ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋገሩት። "ይሄ ምጣድ ጭስ አያውቅ፤ ዳቦው ምን ሊሸት ነው!" እያሉ ቢያጉረመርሙም የዳቦው ሽታ ደረጃውን ሁሉ አዳርሶት ነበር። የልጅ ልጃቸውም አጠገባቸው ተቀምጦ የራሱን ትንሽ ሙልሙል አድቦልቡሎ፣ እንዳይቀየርበት በጣቱ ምልክት አደረገበት።

እናትየው ደግሞ የልብሱን ነገር ይዛለች። ናይለን ጃኬት እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ለልጇ የጥጥ ሹራብ አለበሰችው። የሀገር ልብስ የለበሱትን ሴቶች ልጆችም ዘርፉ እንዳይንዘላዘል ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችላቸው። ያችን በር ላይ ቆማ እንባ የተናነቃትን ሴት ሳስታውስ ይህን ሁሉ ስትሠራ ማየት ደስ ይል ነበር።

የቡሄ ዋዜማ

ነሐሴ 12 ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደ። ልጆች በየመስኮቱ ተለጥፈው ሰማይ ሰማዩን ያዩ ጀመር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አባራ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሃያ የሚሆኑ ልጆች ዱላቸውን ይዘው በሕንጻው ሥር ተሰበሰቡ።

ባለ ስድስት ዓመቱ ልጅ ለሁለት ሳምንት ያህል ከአባቱ ግጥሙን ሲያጠና ከርሟል። ተራው ሲደርስ ግን ድምፁ ጠፋበት። አባቱ ጎንበስ ብሎ በጆሮው የመጀመሪያዋን ቃል ነገረው። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። እሱ ሲያወርድ ሌሎቹ ሲቀበሉ፣ ዱላው መሬቱን ሲደልቅ፣ በየፎቁ መስኮቶች ተከፈቱ። ለሦስት ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ አንገታችንን ብቻ የምንነቀንቅ ጎረቤታሞች ያን ማታ በስም ተጠራራን። በአራተኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሙልሙል ስላልነበራቸው አንድ ዳቦ ቆርሰው ለሁሉም አካፈሉ። ልጆቹ ሲመርቋቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ትንሿ ሕፃን ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ ክረምቱን ደረቷን ሲያፍናት ከርሟል። ለእንዲህ ዓይነት ሕፃን የችቦ ጭስ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ እማማ ነፋሱ ጭሱን ወደማይወስድበት ወገን፣ ከሜዳው ራቅ ብለው፣ በጋቢ አቅፈው አሳዩአት። አስም ያለበት ልጅ ያላችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ የሚነፋውን መድኃኒቱንም በኪሳችሁ ያዙ።

ችቦው ሲለኮስ የፈራሁት ነገር መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ችቦዎች ዝናብ ነክቷቸው ስለነበር እምቢ አሉ። አንድ ጎረምሳ "ቆይ፣ ከኪዮስኩ ነጭ ጋዝ ላምጣ" ብሎ ሊሮጥ ሲል አባትየው ትከሻውን ያዘው። አልተቆጣውም። "ና ወንድሜ፣ ደረቁን እንያዝ" ብሎ ከደረጃው ሥር በፌስታል ሸፍኖ ያስቀመጠውን ደረቅ ችቦ አብረው አመጡ። ጎረምሳው ራሱ እንዲለኩሰው ተፈቀደለት። እኔ ያን ጊዜ የ1989ኙን አጥር አሰብኩ። በዚያ አጥር ጀርባ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ልጄ ጠባሳ አይኖረውም ነበር።

አባትና ልጅ አንዱን ችቦ በአራት እጅ ይዘው ሲዞሩ እናቲቱ ከጎናቸው ነበረች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቷ ግን ይስቃል።

ሃያ ደቂቃ

እሳቱ ሊበርድ ሲል አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከጨዋታው ወጥቶ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ እናትየው አየችው። እናቱ የማታ ተረኛ ሆና ሥራ ላይ ናት፤ ልጁን ለግቢው ሰው አደራ ብላ ሄዳለች። ልጁ ግራ እጁን ከጀርባው ደብቋል።

"ማሙሽ፣ እስቲ እጅህን አሳየኝ" አለችው።

"ምንም አልሆንኩም።"

"አልቆጣህም። አሳየኝ።"

ፍም ተፈንጥሮ የእጁን አንጓ ነክቶታል። ቆዳው ቀልቷል፤ መሐሉ ላይ ውኃ መቋጠር ጀምሯል። ስፋቱ ከራሱ መዳፍ ያንሳል። እኔ ከተቀመጥኩበት እስክነሣ ድረስ እሷ ልጁን ሳፋው ዘንድ አድርሳው የእጅጌውን ቁልፍ ፈትታለች፤ የክር አምባሩን አውልቃለች፤ በጆግ ውኃ ማፍሰስ ጀምራለች። አንዲት ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ይዛ እየሮጠች መጣች። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አይሆንም፤ ውኃ ብቻ ነው" አለቻት። ሌላው ሰው የቡና ዱቄት ሲል እማማ ራሳቸው "ተዉ፣ ሲስተር ያሉትን ስሙ" አሏቸው። አባትየው በስልኩ ሰዓት ያዘ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ውኃው ሳይቋረጥ ፈሰሰ። አንድ ጄሪካን ከግማሽ በላይ አለቀ።

ልጁ መጀመሪያ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ጥርሱን ነከሰ፤ በመጨረሻ "አሁን አይለበልበኝም" አለ። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ሳናጠብቅ ሸፈንነው። ቃጠሎው ትንሽ ቢሆንም እጅ ላይ ስለሆነ የግድ ባለሙያ ማየት አለበት አልኩ። አባትየው ለእናቱ ደውሎ አስረድቷት በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ቁስሉ ታሽጎለት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ተጣርቶለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ተመለሱ። ደረጃው ላይ ጠብቀን ነበር። ልጁ ከባጃጁ እንደወረደ የመጀመሪያ ጥያቄው "ሙልሙሌን ማን ወሰደው?" የሚል ነበር። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁስሉ ደረቀ። ዛሬ ቦታውን ለማግኘት መፈለግ ያስፈልጋል። በልጄ ክንድና በዚህ ልጅ አንጓ መካከል ያለው ልዩነት የእሳቱ መጠን ብቻ አይደለም። አንዱ አንድ ሰዓት ተደብቋል፤ ሌላውን አንዲት እናት በአንድ ደቂቃ ውስጥ አይታዋለች።

ወላጆች ልብ ልትሉት የሚገባ

ለቡሄ ብቻ ሳይሆን ለመስከረሙ ደመራም፣ ለየዕለቱ የምድጃና የሻይ ቃጠሎም ያገለግላችኋልና ይህችን ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣ በር ላይ ለጥፏት።

ልብስ ከተያያዘ ልጁ አይሩጥ፤ ሩጫ እሳቱን ያቀጣጥለዋል። መሬት ላይ አስተኝታችሁ አንከባልሉት፤ ወይም በወፍራም የጥጥ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አፍኑት።

የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙ። ወዲያው ቢሆን ይመረጣል፤ ዘግይታችሁ ብትደርሱም እስከ ሦስት ሰዓት ጊዜ ድረስ ጥቅም አለው። በረዶ አትጠቀሙ፤ ቆዳውን ይበልጥ ይጎዳዋል። ሕፃናት ቶሎ ስለሚበርዳቸው የተቃጠለውን ብቻ እያቀዘቀዛችሁ ሌላውን ሰውነት በልብስ ሸፍኑ።

ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት እብጠት ሳይመጣ አውልቁ። ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ልብስ ካለ ግን አትጎትቱት፤ ዙሪያውን ቁረጡ።

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና፣ ጭቃ፣ ሊጥ አትቀቡ። እነዚህ ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል፤ ቁስሉንም ለኢንፌክሽን ያጋልጡታል። ሐኪሙም ጉዳቱን ለማየት ሲል መልሶ መጥረግ ስላለበት ልጁ ሁለት ጊዜ ይሠቃያል። ውኃ የቋጠረውንም አታፍርጡ።

ቃጠሎው ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ከልጁ መዳፍ ከበለጠ፣ ቆዳው ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ልጁ ጭስ ውጦ ድምፁ ከጎረነነ ወይም ከሳለ፣ ወይም ሕፃን ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። አዲስ አበባ ላላችሁ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907 ነው። ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ስለ ጅራፍም አንድ ነገር ልበል። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚወነጨፍ ነው። እንዲህ ያለ ፍጥነት ያለው ነገር ዓይንን ቢነካ ማየትን ሊያሳጣ ይችላል። የሚያጮኸው ልጅ ሰፊ ቦታ ላይ ለብቻው ይቁም፤ ሌሎቹ ከጅራፉ ርዝመት እጥፍ በላይ ይራቁ። ዓይን ከተመታ አትሹት፤ ጠብታም በራሳችሁ አትጨምሩ፤ ሳትጫኑ በንጹሕ ስኒ ወይም በፕላስቲክ ብርጭቆ ከልላችሁ በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱ።

በመጨረሻም እሳቱ ሲያልቅ አመዱ ላይ ውኃ አፍስሱበት። ከላይ ሲታይ የጠፋ የሚመስል ፍም ከሥሩ ለሰዓታት ይቆያል። በማግሥቱ ጠዋት የቡሄን ደስታ ሊቀጥሉ በነጠላ ጫማ የሚሮጡ ልጆች መጀመሪያ የሚረግጡት እሱን ነው።

ዘንድሮስ?

ዘንድሮ የግቢያችን ኮሚቴ ገና ሐምሌ ሳያልቅ ተሰብስቧል። የጄሪካኑ ቁጥር ወደ ስድስት ከፍ ብሏል። የዚያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት ተረኝነቷን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ ዋዜማው ማታ ሜዳው ላይ ለመቆም ስሟን አስመዝግባለች። አምና ነጭ ጋዝ ሊያመጣ የነበረው ጎረምሳ ደግሞ የችቦ ማድረቁን ኃላፊነት ወስዷል። በየቀኑ ፀሐይ ብልጭ ስትል ያወጣዋል፤ ሲደምን መልሶ ያስገባዋል። ወጣቷ እናት በሬን ስታንኳኳ ዘንድሮ የጠየቀችኝ "ሲስተር፣ ሳፋዎን ያውሱኛል?" ብላ ነው።

አያቶች ለሆንን ሰዎች አንድ ቃል አለኝ። ብዙ ጊዜ "በእኛ ጊዜ ቡሄ ቀረ" እንላለን። እማማ ግን ሲናገሩ፣ በእሳቸው ሰፈር ቡሄ ያማረው ችቦው ትልቅ ስለነበረ አይደለም፤ በየደጁ የሚያይ ሰው ስለነበረ ነው አሉኝ። ጉልበታችን ቢደክምም ዓይናችን አልደከመም። ወንበር ይዘን ሜዳው ዳር መቀመጥ እንችላለን። ልጅ ሲደብቅ የምታይ አያት ከአንድ ባልዲ ውኃ ትበልጣለች።

ባለፈው እሑድ ልጄ ከአዳማ ደወለልኝ። "እማዬ፣ ልጄ ችቦ ልያዝ ብሎኛል። ምን ልበለው?" አለኝ። ወዲያው ልመልስለት አልቻልኩም። በዚያ በጠባሳው እጁ ስልኩን ይዞ ታየኝ።

"እሺ በለው" አልኩት። "ከዚያ አንተም አብረኸው ቁም።"

መልካም የቡሄ በዓል ይሁንላችሁ።